የኮሪደሩ አግዳሚ

የብሎኑ ራስ ተበልቷል። አናጢው በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ጫፍ፣ ደረጃው አጠገብ፣ የተሰበረ ዴስክ ሥር በጀርባው ተኝቶ ካቻቪቴውን ደጋግሞ ያስገባል፤ ካቻቪቴው ደጋግሞ ያዳልጣል። ከእሱ በፊት እዚህ የደረሰ ሰው በማይሆን መፍቻ አዙሮ አዙሮ የብሎኑን ጉድጓድ አበላሽቶት ሄዷል። እንዲህ የሆነ ብሎን አይጠብቅም፣ አይላላም። ወይ እንጨቱን ሰንጥቀህ ታወጣዋለህ፣ ወይ እንደገባ ትተወዋለህ።

«እጅህ ይሰበር አልልህም» አለ አናጢው ለማያውቀው ሰው፤ «ግን ይደንዝዝልህ።»

ደወሉ ተደወለ።

ከዴስክ ሥር ለተኛ ሰው የሚታየው እግር ብቻ ነው። የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ጫማዎች እየተገፋፉ መጡ። ኮሪደሩ መሀል ሲደርሱ ማንም ሳይነግራቸው ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ ቁጥር ሰባት በተጻፈበት በር ገባ፤ ግማሹ ጥቂት አልፎ ቁጥር ስምንት በተጻፈበት። አናጢው ይህን ያውቃል፤ ረቡዕ ጠዋት የሃይማኖት ክፍለ ጊዜ ነው። ያላወቀው በየትኛውም በር ያልገቡ ጫማዎች መኖራቸውን ነው።

አንደኛው ጥንድ ጥቁር ነው። በግራው ሶል ጠርዝ ላይ የደረቀ ማጣበቂያ ቢጫ መስመር ትቷል። መስመሩን የተወው ራሱ አናጢው ነው፤ ባለፈው እሁድ ሶሉን ሲያጣብቅ እጁ ቸኩሎ ነበር። ጫማው በሁለቱ በሮች መካከል ቆመ፣ ዞረ፣ ተረከዙን ከግድግዳው አስጠጋ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ተንሸራተተ። ልጁ ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠች። ሌሎችም ከጎኗ ተራ በተራ ተቀመጡ። ስድስት ሆኑ።

ቤት ስትጠየቅ «ቤተ መጻሕፍት ነው የምንቀመጠው» ነበር ያለችው።

አናጢው ጭንቅላቱን ከዴስኩ ሥር አወጣ። ቤት ውስጥ ሚጣ የሚሏት ልጁ አየችውና አፏን በእጇ ያዘች።

«አባዬ፣ ዴስክ ሥር ምን ታደርጋለህ?»

«አንቺስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ተቆልፎ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

መልስ የሰጠው አጠገቧ የተቀመጠው፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ ነበር። «ከመጀመሪያው ጀምሮ። እኛ የኮሪደር ነን» አለ፣ የቡድኑን ስም እንደሚናገር ኳስ ተጫዋች።

አናጢው ሌላ ነገር ሊል ሲል የዳይሬክተሯ ተረከዝ ከደረጃው በኩል ተሰማ። ልጆቹ እግራቸውን ሰበሰቡ።

«እዚህ መሆንዎ ጥሩ ሆነ» አለችው። «ላስጠራዎት ነበር። አንዴ ቢሮ ይምጡ።»

ቢሮዋ ውስጥ ያለውን የእንግዳ ወንበር እሱ ነው የሠራው። ተቀመጠበትና ከልማዱ የተነሳ ወዘወዘው። አይነቃነቅም።

«ከየት ነዎት?» አለችው።

በዚህች ከተማ «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። የሚጠየቀው «ከየት ነህ?» ነው። ወንዙ ከተማዋን ከመሀል ይከፍላታል። ከማዶ የመጣ ሁሉ የማዶን እምነት ይዟል፣ የወዲህ ሰው የወዲህን ይዟል ተብሎ ይታሰባል። ማዶ የሚኖሩትም እንኳ ራሳቸውን «ማዶ» ይላሉ፤ ከእነሱ ደጃፍ ሲታይ ማዶው ሌላው ወገን መሆኑ ትዝ ያለው የለም። እናም «ከየት ነህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ባንድ መልስ ሁለት ነገር ያገኛል፤ አገርህንም እምነትህንም። ይህ ስሌት ለረጅም ዘመን እምብዛም አልሳተም። ኋላ ግን ድልድዩ ሰፋ፤ ሰው ሥራ ፍለጋ ወዲያና ወዲህ አለ፣ ተጋባ፣ ተለያየ፤ ጥቂቱ ከሌላኛው ወገን ገባ፣ ጥቂቱ ደግሞ ከሁለቱም ወጥቶ ዝም አለ። ዝም ያለው በየዓመቱ ይበዛል። ጥያቄው ግን ያው ነው።

«ከጋራዡ ጀርባ ካለው ሰፈር» አለ አናጢው።

«እሱን አይደለም። አገርዎን ነው።»

«ማዶ ነው የተወለድኩት።»

«ይኸው» አለች ዳይሬክተሯ፤ ትከሻዋ ቀለል ሲላት ታየ። «እንግዲያው ልጅዎ ቁጥር ሰባት ናት። ምኑ ነው ያስቸገረው?»

«ማዶ የተወለድኩት እኔ ነኝ። እሷ እዚሁ ሆስፒታል ነው የተወለደችው። እናቷ ደግሞ የወዲህ ናት።»

«ስምንት ትግባ። እኔ አልከራከርም።»

«እናቷ ስምንትን ትታለች፣ እኔ ሰባትን። ተጣልተን አይደለም። በሩን ሳናስጮህ ነው የወጣነው።»

ዳይሬክተሯ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ክፉ ሴት አይደለችም። ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ይዛ ክፍል ለክፍል ስትዞር አይቷታል።

«ወንድሜ፣ ይስሙኝ። አንድ እያለች ልጅ ነበረች። ስድስት ሲሆኑ ጥያቄ ሆኑ። ነገ ጠዋት ከትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ይሄንኑ ክፍለ ጊዜ ልይ ስላለ ለነገ ደግመነዋል። በትምህርት ሰዓት ኮሪደር ላይ የተቀመጠ ልጅ ካየ የሚጠይቀው እኔን ነው። ምን ልበለው?»

«ከሁለቱም አይደሉም ይበሉት።»

«እንደዚያ የሚባል ክፍል የለኝም።»

«ሌሎቹ ወላጆች ምን አሉ?»

«የጥርሰ ወላቃው አባት ሲያድግ ይምረጥ ይላል። የመንትዮቹ እናት ከባሏም ከራሷም ቤተሰብ ጋር ተኳርፋ ልጆቼን ማንም አይንካብኝ አለች። ሁለቱ ወንድማማቾች ደግሞ፣» አለች ሳቋ እያመለጣት፣ «ወላጆቻቸው በፍትሕ ብለው ትልቁን ሰባት፣ ትንሹን ስምንት አስገብተው ነበር። ማታ ማታ አልጋ ላይ ሲከራከሩ እንቅልፍ ቢነሷቸው ሁለቱንም አስወጧቸው።» ከዚያ ሳቋን ዋጠችው። «አሁን ግን ሁሉም እርስዎን ነው የሚያዩት። የእርስዎ ልጅ ናት የጀመረችው። እሷ ከገባች እናስገባለን ብለውኛል። አርባ ደቂቃ ናት። ትግባ፣ ትቀመጥ፣ ትውጣ። ውስጧን ማን ያያል?»

አናጢው ይህን ቃል ከዚህ በፊት ሰምቶታል። የት እንደሰማው ለጊዜው አልመጣለትም።

«ባትገባስ?»

«ነገ ጠዋት ከሁለቱ ባንዱ ካልገባች ኮሪደር ላይ ላስተምራት አልችልም። ሌላ ትምህርት ቤት ትፈልጉላታላችሁ።» ቀና ብላ አላየችውም። «ዴስኮቹን ይጨርሱ። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

ሲወጣ ልጆቹ ተነስተው ሄደዋል። ሜትሩን ከወገቡ አውጥቶ ከቁጥር ሰባት በር እስከ ቁጥር ስምንት በር ያለውን ግድግዳ ለካ። ሐሳብ ሲጠናበት ያገኘውን ይለካል፤ ሚስቱ አንዴ ታማ ተኝታ ሐኪም እስኪመጣ አልጋዋን ለክቷል።

ከሰዓት በኋላ ልጁን ይዞ ወደ ቤት ሲሄድ ቦርሳዋን ተሸከመላት። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሞተር ሳይክል ሲያልፍ ግድግዳ ይዘው ይቆማሉ።

«እዚያ ቁጭ ብላችሁ ምን ትሠራላችሁ?»

«እንሰማለን» አለች።

«ምኑን?»

«ሁለቱንም። በዚህ ጆሮ ሰባት፣ በዚህኛው ስምንት። ሰባቶቹ ይዘምራሉ፣ ስምንቶቹ ጥያቄና መልስ ናቸው። የስምንቷ አስተማሪ ጥያቄ ስትጠይቅ ጥርሰ ወላቃው ከኮሪደር ይመልሳል። አንድ ቀን አንዱን ተማሪ ጎበዝ አለችው፤ እሱ እኮ አፉን አልከፈተም።»

አናጢው ሳቀ። ከዚያ የሳቁ ጅራት ሳያልቅ «ለምን ዋሸሽኝ?» አላት።

ሚጣ ሌላ ሞተር ሳይክል ያለፈ ይመስል ግድግዳውን ያዘች።

ቤት ሲደርሱ የአናጢው እናት በሩ አጠገብ ተቀምጠው ጠበቋቸው። ረቡዕ ረቡዕ ድልድዩን ተሻግረው ይመጣሉ፤ ሲመጡ ዜናውን ከእነሱ በፊት ሰምተውት ነው የሚመጡት።

«የልጅ ልጅሽ የት ትማራለች ሲሉኝ ኮሪደር ልበል?» አሉት ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ።

«ኮሪደሩም ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው እኮ፣ እማዬ።»

«አትቀልድብኝ። ከእኔ ጋር ትሂድ ብያለሁ? ጸልዪ ብያታለሁ? እንደ ሰው ልጅ ክፍል ትግባ ነው የምለው። ሰባት ትግባ። የአባቷ ነው።»

ሚስቱ በዚህ መሀል ገባች። በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ትሠራለች፤ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበር ላይ ሳትሰቅል ከማንም ጋር አታወራም። ሰቀለች። አናጢው የዳይሬክተሯን ቃል አንድ ሳያስቀር ነገራት።

«ቀኑን ሙሉ የሰው ደም ሳይ ነው የምውለው» አለች ሚስቱ ዓይኗን ጨፍና። «የማዶና የወዲህ ተብሎ የተለየ እስካሁን አላጋጠመኝም።»

«ደም እንጂ ሰው መች አየሽ» አሉ አማቷ።

ሚስቱ ዓይኗን ገለጠችና ሳቀች። «ይሄንንስ ረቱኝ፣ እማማ።» ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «እኔ ሰባትም ትግባ ስምንትም ትግባ ግድ የለኝም። ሲሚንቶ ላይ ግን አትቀመጥብኝ። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው። አስተማሪዋ ጎበዝ ናት፤ ሒሳብ መውደድ የጀመረችው እዚያ ነው። አርባ ደቂቃ ምንድን ናት? ስብሰባ ላይ ስንት አርባ ደቂቃ ተኝቻለሁ።»

«እሷም እንደዚሁ ነው ያለችኝ። ውስጧን ማን ያያል አለች።»

ሚስቱ እግሯን ከወንበሩ አወረደች። አሁን ቃሉን የት እንደሰማው ለሁለቱም ባንድ ጊዜ መጣላቸው። ሊጋቡ ሲሉ ነበር። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ተጨቃጭቀው ሲደክማቸው፣ ከሁለት አንዳችሁ ወደ ሌላው እምነት ገባሁ ትበሉ ብለው ተስማሙ። የት እንደምትገቡ ግድ የለንም፣ ለዛሬ ብቻ፣ ቃሏን ብቻ፤ ውስጣችሁን ማን ያያል አሉ። በማግስቱ ሁለቱ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። ምስክር አምጡ ሲባሉ ከመንገድ ላይ አንድ ሎተሪ አዟሪና አንድ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ለምነው አስገቡ።

«ታክሲዬ አመለጠኝ እያለ ነው የፈረመው» አለች ሚስቱ።

«አምልጦታልም።»

«ሎተሪ አዟሪው ደግሞ ቲኬት ካልገዛችሁ አለ።» ጥቂት ሳቀችና ሳቁን አቆመች። «ግን እኮ ያን ጊዜ የተቀጣነው እኔና አንተ ነን። መርጠን ነው። አሁን የምትቀጣው እሷ ናት።»

በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ጠረጴዛው ጥግ ላይ የሚጣ እርሳስ ወረቀት ሲፍቅ ብቻ ነበር። ጠረጴዛው ትንሽ ነው፤ ሲበሉ አንድ ሰው ሳህኑን ጉልበቱ ላይ ይይዛል። እርሳሱ ቆመ።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች ሚጣ።

«እሺ፣ እንጠይቅሽ» አለች እናቷ። «ምን ይሻልሻል?»

«ሰባት ብገባ ስምንቶቹ ከዳተኛ ይሉኛል። ስምንት ብገባ ሰባቶቹ። ደግሞ መዝሙራቸውንም ጥያቄያቸውንም ስለማላውቅ አይደለም ያልገባሁት። እናንተ ቤት ውስጥ የማታደርጉትን እዚያ ሄጄ ሳደርግ እንደ ሌባ ነው የሚሰማኝ። ኮሪደሩ ይሻለኛል። ወንበር ነው የሌለው።»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ አናጢው። ከመንገድ ላይ ያመጣው ጥያቄ ነበር።

ሚጣ እርሳሷን በጣቷ አሽከረከረች። «የትምህርት ቤቱን ወንበር ሁሉ የሠራኸው አንተ ነህ። የአናጢው ልጅ መሬት ላይ ትቀመጣለች እንዳይሉህ ብዬ ነዋ።»

አናጢው እጁን አየ። ለሚናገር ሰው ዓይን መስጠት ሲያቅተው እጁን ያያል።

እናቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። ድልድዩ ላይ ሰው ሳይበዛ መሻገር ይወዳሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ ኋላ ዞረው ልጃቸውን ከእግሩ እስከ ራሱ ተመለከቱት።

«ዓይንህ እንጨት ሲያስብ አውቀዋለሁ» አሉት። «እኔ ይሄን ነገር አልደግፍም። ልጅቷ ሰባት ብትገባ ነው ደስ የሚለኝ፤ እስክሞት እንደዚሁ ነው የምለው። ግን ከሠራህ ጠርዙን አለስልሰው። ልብስ ይይዛል።»

የሥራ ቦታው ከቤቱ ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ዳስ ነው። ገና ብርሃን ነበር። አናጢው ግድግዳው ላይ ከተደገፉት ጣውላዎች ኋላ እጁን ሰዶ አንዱን ጎተተ። ረጅም፣ ወፍራም፣ ቋጠሮ የሌለው ጣውላ ነው። ደንበኛ ሲመጣ በጨርቅ ይሸፍነዋል። ለራሳቸው የምግብ ጠረጴዛ ሊሠራበት፣ በደንብ ይድረቅ ብሎ ዓመታት አቆይቶታል።

ሚስቱ ሌላኛውን ጫፍ ያዘችለት። «ጠረጴዛዬ ነው እንዴ?»

«ጠረጴዛሽ ነው።»

«እሺ» አለች። «ጉልበታችን ላይ እንበላለን። ጉልበቴ ለምዶታል።»

ጣውላውን መሥሪያው ላይ አጋደሙት። አናጢው ሜትሩን ዘርግቶ፣ ስድስት ልጅ ሳይጨናነቅ የሚቀመጥበትን ለክቶ፣ በእርሳስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ። ከመስመሩ ወዲያ ብዙ ተረፈ። ሚስቱ ትርፉን በዓይኗ መዘነችው።

«ይሄኛው ለትንሽ ጠረጴዛ ይሆናል» አለች።

አናጢው መጋዙን አንስቶ ጥርሱን መስመሩ ላይ አኖረ። አልገፋውም። ከቁጥር ሰባት በር እስከ ቁጥር ስምንት በር የለካውን አስታወሰ። ጣውላው ሳይቆረጥ ከዚያ የሚያንሰው በመዳፍ ብቻ ነው።

«ትምህርት ሲከፈት ስንት ነበሩ?» አለ።

«እሷ ብቻዋን።»

መጋዙን ሰቀለና መላጊያውን አነሳ። መስመሩ ላይ ሁለት ጊዜ ሄደበት። ቀጭን ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ ወደቀ፤ የእርሳሱ ምልክት አብሮት ሄደ። ሚስቱ ፍቅፋቂውን ከመሬት አንስታ አየችው፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን ፈልጋ ጠርዙን ማለስለስ ጀመረች። ከመጨለሙ በፊት ጨረሱ።

ጠዋት በር ላይ ዘበኛው አስቆመው። አግዳሚው በእጅ ጋሪ ላይ ተጭኖ፣ ሁለቱም ጫፎቹ ተርፈው ወጥተዋል። ሚጣ ከኋላ የብረት ድጋፎቹን በከረጢት ይዛለች።

«ይሄ የማን ነው?» አለ ዘበኛው።

«የትምህርት ቤቱ።»

«የሰባት ነው የስምንት?»

«የመሀል።»

ዘበኛው አግዳሚውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። «ለመሀሉ ረዝሟል» አለ። ከዚያ ቆቡን ወደ ኋላ ገፍቶ አንዱን ጫፍ ያዘ። «ያዝ እንጂ፣ ምን ትገተራለህ? ወገቤ የጨው ነው።»

ኮሪደሩ ባዶ ነበር። ዘበኛው ሄደ፣ ሚጣም ወደ ክፍሏ። አናጢው ግድግዳውን በድሪል በስቶ አራቱን የብረት ድጋፎች አሰረና አግዳሚውን ጫነባቸው። ከበር እስከ በር ሞላ። ዳይሬክተሯ የድሪሉን ድምፅ ሰምታ ስትመጣ የመጀመሪያውን ብሎን ከእንጨቱ ጋር እያጠበቀ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ወንበር።»

«ማን አዘዘዎት?»

«ማንም። የጎደለ መቀመጫ አሟላ ተብዬ ነው የምመጣው። እዚህ ጎድሏል።»

«ትናንት የተነጋገርነው ሌላ ነው።»

«አስታውሳለሁ። ልጄ አትገባም። እሷንም ጠይቀናታል።»

ዳይሬክተሯ በኮሪደሩ ወዲያና ወዲህ ተመለከተች። በመስኮቱ በኩል የግቢው በር ይታያል። እስካሁን የመጣ መኪና የለም። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እሺ። እንደዚህ እናድርግ። ይንቀሉትና መጋዘን ያስገቡት። ልጆቹም ለዛሬ እዚያው ይሁኑ፤ መብራት አለው፣ አልቆልፍባቸውም። ተቆጣጣሪው ሲሄድ መልሰው ያስሩታል። ልጅዎም ትቆያለች። ማንም አይነካትም። ለዛሬ ብቻ።»

አናጢው ካቻቪቴውን እንደያዘ ቀና አለ። የተሰጠው ነገር ትንሽ አልነበረም። ልጁ ትቆያለች። ወንበሩም ከሰዓት በኋላ ቦታው ላይ ይሆናል። የሚከፈለው አርባ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከመጥረጊያና ከተሰበረ ዴስክ ጋር።

«ተቆጣጣሪው እንደገና ሲመጣስ?» አለ።

«ያኔ ሌላ ነገር እናስባለን።»

«ያኔም መጋዘን ነው የምናስበው።» ጎንበስ ብሎ ሁለተኛውን ብሎን አስገባ። «ሽማግሌዎች ሊያጋቡን ሲሉ ለዛሬ ብቻ፣ ቃሏን ብቻ ብለውን ነበር። እሺ ብንል ኖሮ እስከ ዛሬ መጋዘን ውስጥ ነበርን።»

«እኔ ሽማግሌ አይደለሁም። ስድስት መቶ ተማሪ ያለኝ ሰው ነኝ። ልጅዎን ላስወጣት እችላለሁ እኮ።»

«ይችላሉ። እሷን ቢያስወጡ ወንበሩ ለአምስቱ ይቀራል።»

ሦስተኛውን አጠበቀ፤ ቀጥሎ አራተኛውን። ዳይሬክተሯ አላቆመችውም። መሄድም አልሄደችም። እጇን አግዳሚው ላይ አድርጋ፣ ሳታስበው መሰለ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ለስላሳ ነበር።

«ቢያንስ በቀላሉ የሚፈታ ያድርጉት» አለች በመጨረሻ። «አንሡት ካለኝ ምን ልለው ነው?»

ከግቢው የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ወዲያው ደወሉ ተደወለ፣ ጫማዎቹም መጡ። ኮሪደሩ መሀል ሲደርሱ እንደ ሁልጊዜው አልተከፈሉም፤ ቆሙ። ሁሉም አግዳሚውን አዩ። ሰባቶቹ ወደ ሰባት፣ ስምንቶቹ ወደ ስምንት ሲገቡ ግን እየዞሩ ነበር የሚገቡት። ሚጣ ሄዳ በመጨረሻው ጫፍ፣ በስምንት ቁጥር በር ጥግ ተቀመጠች። መንትዮቹና ወንድማማቾቹ ተከተሏት።

«መሀል ቁጭ በይ እንጂ፣ ቦታ ሞልቷል» አላት ጥርሰ ወላቃው።

«እያወቅኩ ነው» አለችው። «ቦታው ለሚመጡት ነው። ተጠጋ።»

ከደረጃው ታች የማያውቁት የወንድ ድምፅ ሰላምታ ሲሰጥ ተሰማ። ዳይሬክተሯ ልብሷን አስተካከለች።

አናጢው አግዳሚው ሥር ተንበርክኮ አራቱን ብሎኖች አያቸው። ጉድጓዳቸው ንጹሕ ነው፣ ያበራል። ካቻቪቴ ያለው ማንም ሰው፣ ዛሬ ከሰዓት ሆነ ነገ፣ ብዙ ሳይደክም ፈትቶ መጋዘን ሊያስገባው ይችላል። ትናንት ዴስክ ሥር ተኝቶ የረገመው ሰው ትዝ አለው። መዶሻውን ከሣጥኑ አወጣ፣ የብረት መምቻውን የመጀመሪያው ብሎን ራስ ላይ አቆመና መታ። ጉድጓዱ ጠበበ። ደግሞ መታው። ተደፈነ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ዳይሬክተሯ።

«አይፈታም ይበሉት» አላትና በጉልበቱ እየተሳበ ወደ ሁለተኛው ብሎን ተጠጋ።